ጉድጓዱን የቆፈሩት

ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ትኬት ቆራጭ ሳለሁ ነው። የታሪክ መምህር የነበሩ፣ መጽሐፍም የጻፉ ሰው አምባሳደር ተሹመው በጅቡቲ በኩል ሊሄዱ መጡ። ሊሳፈሩ ሲሉ የመጋላ ሰፈሩ ሽማግሌ ሐጂ ዑመር ክንዳቸውን ያዙ።

"መጽሐፍህን ልጄ አነበበችልኝ። የኛን የውሃ ጉድጓድ አገረ ገዢው አስቆፈረው ብለሃል። ውሸት! የቆፈሩት አባቴና ወንድሞቹ ናቸው። ሁለቱ አጎቶቼ አፈር ተንዶባቸው እዚያው ቀሩ።"

እኔ ደነገጥኩ። አምባሳደሩ ግን ደብተራቸውን አውጥተው "ስማቸውን ይንገሩኝ፣ አባቴ" አሉ።

"ክቡርነትዎ፣ ባቡሩ ሊያመልጥዎ ነው" አልኳቸው።

"ባቡር ሌላም ይመጣል። ይህን ከሳቸው በቀር ማን ይነግረኛል?"

ሮጬ ሻንጣቸውን ከባቡሩ አወረድኩ። ስመለስ የጻፉትን ጮክ ብለው እያነበቡላቸው ነበር። ሐጂ የአጎቶቻቸውን ስም ሲሰሙ አለቀሱ።