ኖራና መጋዝ

(ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ፣ ዝናብ በራቀው ቆላ፣ አበባ በሸፈነው የብርቱካን ማሳ ውስጥ፤ እታገኝ መጋዝ ይዛለች፣ የሟች ባሏ አባት አቶ ውብሸት ግንዱን ተደግፈው ቆመዋል።)

አቶ ውብሸት፦ መጀመሪያ እኔን ቁረጪ።

እታገኝ፦ እርስዎን ቆርጬ ምን ውሃ ይተርፈኛል? ዞር ይበሉልኝ፣ አባባ።

አቶ ውብሸት፦ ቀልጂ አንቺ። ዕድሜዬን እዚህ ስኖር እንዲህ ሲያብብ አይቼ አላውቅም። ነጋዴው እንኳ ትናንት ፍሬውን ሳያይ፣ በአበባው ብቻ ቀብድ ልስጥ አላለም?

እታገኝ፦ ነጋዴው የውሃ ጉድጓዱን ጎንበስ ብሎ አላየም። ሞተሩ ጠዋት ትንሽ ይተፋና አየር መሳብ ይጀምራል። የሚወጣውም ጨው ጨው ይላል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? ድርቅም እንደዚያው ነው።

አቶ ውብሸት፦ ይዘንባል።

እታገኝ፦ እስኪዘንብ ይህ ሁሉ ቅጠል ምን ይጠጣ? ጫፉን ይዩት፣ ተቃጥሏል። ቅርንጫፉን ብናወርደው ግንዱ ባለችው ውሃ ይሰነብታል። ጥላው ሲሄድ ፀሐይ ልጡን እንዳትሰነጥቀው ኖራ እንቀባዋለን። ዝናብ ሲመጣ ያቆጠቁጣል። ከመሞት መሰንበት።

አቶ ውብሸት፦ ነጭ ቀብተሽ ልታቆሚው። ከፈን ነው በይኛ።

እታገኝ፦ ኖራ ነው።

አቶ ውብሸት፦ ሦስት ዓመት ፍሬ የማያይ ጉቶ! ሰዉ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? የባሏ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ፣ የተከለውን ጨረሰችው ነው የሚሉት።

እታገኝ፦ ይበሉ። ሲያወሩ ውሃ አይፈጁብኝም።

አቶ ውብሸት፦ ሽመልስ ቢኖር ይህን መጋዝ ያስይዝሽ ነበር?

እታገኝ፦ እሱን ይተዉት።

አቶ ውብሸት፦ ለምን እተወዋለሁ? ልጄ ነው። አንቺ እንደሁ ከቀበርነው ወዲህ ስሙን አንዴ አልጠራሽም። የተማርሽበት ዩኒቨርሲቲ ይህንንም ያስተምራል?

እታገኝ፦ ስለ ውሃው እናውራ።

አቶ ውብሸት፦ ውሃማ አለ። ባይኖር ይህ አበባ ከየት መጣ? የሚሞት ነገር እንዲህ አያምርም።

እታገኝ፦ ያምራል።

አቶ ውብሸት፦ የት አይተሽ?

እታገኝ፦ እርስዎም አይተዋል። ሽመልስ የመጨረሻዋ ቅዳሜ ከአልጋው ተነሳ። ጢሙን ተላጨ። ዱለት አማረኝ አለና ሳህኑን ጠርጎ በላ። እርስዎ አጥር ለአጥር እየዞሩ ልጄ ዳነ አሉ። ሐኪም ቤት ሊመልሰው መኪና መጥቶ ነበር። የዳነ ሰው ሐኪም ቤት ምን ያደርጋል ተባለና፣ መኪናውን መለስነው።

አቶ ውብሸት፦ (ግንዱን ለቀው፣ አበባ የያዘ ቅርንጫፍ ወደ ራሳቸው ስበው ያያሉ።)

እታገኝ፦ ዛፉም ማለቁን ሲያውቅ ያለውን ሁሉ አበባ ላይ ያወጣል። ዘር ልተው ብሎ ነው እንጂ፣ ድኖ አይደለም።

አቶ ውብሸት፦ እሑድን እንኳ አልዋለም።

እታገኝ፦ አልዋለም።

አቶ ውብሸት፦ ኖራው ተበጥብጧል?

እታገኝ፦ በርሜሉ ውስጥ አለ።

አቶ ውብሸት፦ መለስነው አትበይ። መኪናውን የመለስኩት እኔ ነኝ። አምጪ መጋዙን።