የጋሽ ጫኔ ዕድል

ዝናብ ገፍቶኝ ቶንፒንግ በተባለው የከተማው ደህና ሰፈር ወደሚገኘው የጋሽ ጫኔ ምግብ ቤት ባልገባ ኖሮ ይህን ክርክር ባልሰማሁ ነበር። ጋሽ ጫኔና ሟቹ እንድሪያስ ይህንንና ዳር ሰፈር ጉዴሌ ያለውን ምግብ ቤት በሽርክና ነበር ያቋቋሙት። ያን ቀን ሽማግሌው ከእንድሪያስ ልጅ ከሩሃማ ጋር ሊካፈሉ ተቀምጠዋል። ቶንፒንግ የደረሰው ኑሮው ይቃናል፤ ጉዴሌ የደረሰው ከጭቃው ጋር ይታገላል።

“ደንቡን ታውቂዋለሽ” አሉ ጋሽ ጫኔ፣ ሁለት ጥቅል ወረቀት ባርኔጣቸው ውስጥ እየጣሉ። “አንዱ ምልክት አለው፤ አንዱ ባዶ ነው። ታላቅ ይጀምራል። ባዶ ካወጣ ይመልስና ተራው ለታናሽ ያልፋል። ምልክቱ እስኪወጣ እንፈራረቃለን። ያወጣው ቶንፒንግን ይወስዳል።”

“ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሽ ጫኔ፣ ይህ ዕጣ እኩል አይደለም።”

ፊታቸው ተለዋወጠ። “ሌባ በይኛ! እኔና አባትሽ ፍሪጁንም ምድጃውንም የተካፈልነው በዚሁ ነው!”

መሐንዲስ ነኝ ባዩ እኔ እንኳ፣ ልጅቷ አበዛችው ብዬ ነበር። እሷ ግን ከሳህኑ ዳቦ አነሳች።

“ይህ ዳቦ ጠቅላላው ዕድል ነው እንበል። መጀመሪያ ሲያወጡ ግማሹ የርስዎ ነው።” ቆርሳ ፊታቸው አኖረች። “ካልቀናዎት፣ ከቀረው ግማሹ ለኔ። እኔም ካልቀናኝ፣ ከቀረው ግማሹ እንደገና ለርስዎ፤ ከዚያም ለኔ። ቁራሹ በየተራው በግማሽ እያነሰ ማለቂያ የለውም። ግን ይመልከቱ፤ በየዙሩ የርስዎ ቁራሽ የኔን እጥፍ ነው። ሁሉም ሲደመር ከሦስት እጅ ሁለቱ የርስዎ፣ አንዱ የኔ ይሆናል።”

“ዕጣ የእግዜር ነው!”

“ዕጣውስ የእግዜር ነው። ታላቅ ይጀምር ያልነው ግን እኛ ነን።”

ጋሽ ጫኔ ቁራሾቹን ሲያዩ ቆዩ።

“እንድሪያስ ‘ባለዕድሉ’ ይለኝ ነበር” አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። “ትልቁ ፍሪጅ ሲደርሰኝ እየሳቀ ነው ያሸከመኝ። እኔም ዕድሌ ይመስለኝ ነበር።”

“አባዬም እንደዚያ ይመስለው ነበር።”

“ካላስ፣ በቃ! እጅሽን አግቢ፤ አንድ አንድ ይዘን አብረን እናወጣለን።”

ሁለቱ እጆች እኩል ገብተው እኩል ወጡ። ሩሃማ ወረቀቷን ፈታች። ባዶ ነበር። እንባዋ በዓይኗ ግጥም አለ።

“እንድገመው እንዴ?” አሉ ሽማግሌው ተጨንቀው።

“አይደገምም” አለች ዓይኗን ጠርጋ። “ይኼኛው እውነተኛ ዕድልዎ ነው፤ በደስታ ይያዙት።”

ከዚያ ወዲህ ዕጣ በሚጣልበት ሁሉ፣ ሁለቱም እኩል ያውጡ ብዬ እሟገታለሁ። ተሸናፊው ሳያኮርፍ፣ አሸናፊውም ሳይሸማቀቅ ተጨባብጠው የሚለያዩት እንዲህ ሲሆን ነው።

ሩሃማ የጉዴሌውን ቤት በራሷ ስም በከፈተችበት ቀን ጋሽ ጫኔ ትልቁን ፍሪጅ በፒካፕ ጭነው፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ በጭቃ ሆኖ መጡ።

“ይኼን ያገኘሁት ቀድሜ ስላወጣሁ ነው” አሉ።