ቅባቱ ላይ የተቀባ ሞተር

ግቢ ረሂማ፣ ከፀሐዩ ዘወር በይ። የመርሳ ሙቀት ዘንድሮ ለማንም አላዘነም። ማንጎሽስ ደረሰ? ልጅሽ ናጅዋስ? የኒካህ ሳምንት ሙሽራ እንቅልፍ የላትም መቼም… ለበሩ ነው ቀለሙ? ይኸው፣ ቀዩ። በር ላይ ዓመታት ይቆያል።

ይህንኑ የበር ቀለም ለሞተር የወሰደ ደንበኛ አለኝ። ስሙ ምን ያደርግልሻል? አሮጌ ፔጆ አለው፣ አባቱ የነዱት። ሙቀት የሚችለውን ውሰድ አልኩት። መጀመሪያ ፍታው፣ በቤንዚን እጠበው፣ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈቅፍቅ፣ ከዚያ ስስ አድርገህ ቀባ፣ ሲደርቅ ድገመው… ሞኝነቴ። ሽማግሌ ሊልክ የቸኮለ ሰው ጊዜ ከየት ያመጣል? ቅባቱ ላይ፣ ዝገቱ ላይ፣ አንዴ ወፈር አድርጎ ለቀለቀበት። ጎበዝ አይደል? የሳምንቱን ሥራ በአንድ ከሰዓት። ከሽማግሌዎቹ ጋር የመጣ ዕለትማ ኮፈኑን ከፍቶ አሳየ አሉ። ለብረት እንዲህ የሚጠነቀቅ ለሚስቱማ እንዴት ይሆን፣ ተባለለት። እውነት ነው፣ ለሚስቱ ይጠነቀቃል… ማለቴ፣ ሲያገባ።

ዘመድ አክባሪነቱስ? በየሳምንቱ ዘይትና ስኳር ጭኖ ሐራ ከተማ፣ እህቱ ዘንድ። እኔም ቀለም ላደርስ ሄጄ አየኋቸው። ልጆቿ «አባ! አባ!» እያሉ ተጠመጠሙበት። አጎቱን አባ የሚል ልጅ ዛሬ የት ይገኛል? አፍንጫቸውም ቁርጥ እሱን… እህትና ወንድም እንዲህ ሲዋደዱ አይቼ አላውቅም።

አጎትሽ ሙሐመድዘይን እዚሁ በርጩማ ላይ ተቀምጠው «ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብለው ጠየቁኝ እኮ። «ቀለም የሚያውቅ ሰው ነው» አልኳቸው። የተማረ ነው ማለቴ መሰላቸው፣ ደስ ብሏቸው ተነሡ። አላረምኳቸውም። ወላሂ አልዋሸሁም… ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ያቺን ቃል ከአፌ የሚያጥብልኝ ቤንዚን አጣሁ።

ሞተሩማ ምን ይሆናል? ባለፈው ወልድያ ሲሄድ ሲሪንቃ ላይ ቆሞ ጭሱን ሲያራግብ ያዩት አሉ። ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሣ፣ ከሥሩ ያው ያልታጠበው ቅባት። እሳት እስኪነካው ድረስ ግን፣ ማሻ አላህ፣ ያምር ነበር።

ኧረ የናጅዋን ሰው መቼ አልኩ? ደጅሽ የሚቆመውም ቀይ ሞተር ያለው ፔጆ ቢሆን፣ ስንት ፔጆ አለ… ምነው ላብ አጠመቀሽ? ውሃ ልስጥሽ?

የእሁዱ ኒካህ ገና ሦስት ቀን አለው። ሐራ ደግሞ ቅርብ ነው፣ ሄዶ ለመመለስ ግማሽ ቀን አይፈጅም… ዘመድ ለመጠየቅ ማለቴ ነው።

በይ፣ አላህ ለናጅዋ የሞቀ ቤት ይስጣት። ሐራ እንዳሉት ያሉ፣ አፍንጫቸው የሚያምር ልጆች ይስጣት። እሷንም እንደዚያችው፣ በየሳምንቱ ዘይትና ስኳር የሚመጣላት፣ የምትወደድ እህት ያድርግለት።

አሚን በይ እንጂ።