የመስኮቱ ባለ ሰይፍ

ከሴንት አልባንስ በተነሳው ባቡር ከኋላዬ አንዲት እናትና አንድ ሽማግሌ ያወራሉ።

«ጋሼ፣ ከፈረንጆች በተከራየነው ቤተ ክርስቲያን መስኮት ላይ የተሳለውን ባለ ሰይፍ ያውቁታል?»

«ሰማዕቱን?»

«ሰማዕት አይደለም! ትናንት ልጄ ስሙን ከሥሩ አንብባ ስልኳ ላይ ፈለገችው። የባሕር ኃይል መኮንን ነበር። በኋላ የቅኝ ግዛት ገዢ ሆኖ ተሾመ፤ አገሬውን ከመሬቱ እያስነቀለ አስጨርሷል።»

«በስመ አብ!»

«ለሱ ተስያለሁ፣ ጋሼ።»

«ሳያውቁ ነው። እግዜር ይቅር ይላል።»

«እሱስ ይላል። ግን ስለቴ ሰመረ። ስንት ዓመት እንቢ ያሉት የወንዱ ልጄ ቪዛ በሳምንቱ መጣ።»

ሽማግሌው አማተቡ።

«ማን ነው የሰጠኝ? የተሳልኩትን ጃንጥላ ለማን ላስገባ? ባላስገባስ፣ ልጄን ምን ያደርግብኛል?»

ለዚያው ለባለ ሰይፉ ላበራ የያዝኩትን ጧፍ ቦርሳዬ ውስጥ ወደ ታች ገፋሁት።