ከሼሁ ስም በታች የጻፍኩት መስመር

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ነሲባ ይማም እንድሪስ
ዕድሜ፦ 47
የትምህርት ደረጃ፦ 8ኛ ክፍል
አድራሻ፦ ሰሜን ወሎ፣ ሀብሩ ወረዳ፣ መርሳ ከተማ
ሥራ፦ የመስኖ ማኅበር ጸሐፊ
ቃሉ የተሰጠበት፦ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ሞገስ አያሌው

ማክሰኞ የካቲት 4 ለፖሊስ የሰጠሁት ቃል ሐሰት ስለሆነ ላስተካክለው በራሴ ፈቃድ መጥቻለሁ። ያስገደደኝ የለም፤ እፍረቴ ነው ያመጣኝ።

በማኅበራችን ስድስት ዓመት ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነኝ። የስልኩን ፕሮግራም የሠራልን የጎረቤቴ የነኢማ ልጅ አብዱልሐሊም ነው። ፕሮግራሙ የላይኛውንና የታችኛውን ቦይ ጠባቂዎች በስልካቸው “ክፈቱ”፣ “ዝጉ” እያለ ያዛል። ወቅት ሲቀየር ኮምፒውተሩ ላይ እንደ አዲስ ተገንብቶ ይላክላቸዋል። መገንባት የሚለው እሱ ነው፤ መጀመሪያ ስሰማው ቤት ሊሠራ መስሎኝ ስንት ቀን ስቄበታለሁ። ሳጅኑ ወደ ጉዳዩ እንድመለስ ነግረውኛል።

ሰኞ የካቲት 3 ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ አብዱልሐሊም ከወልድያ ደወለልኝ። “እትዬ ነሲባ፣ የበጋው ተራ ነገ ይጀምራል፣ እኔ ደግሞ ዛሬ አልደርስም። ፋይሉን ይክፈቱና ወቅቱ በጋ ነው ብለው አንድ መስመር ይጻፉልኝ፣ ከዚያ ግንባታውን ይጫኑት” አለኝ። እላይ፣ ከሁሉም በፊት እንድጽፍ አጥብቆ ነግሮኛል። ማሽኑ ከላይ ወደ ታች ነው የሚያነብ፤ “ወቅቱ በጋ ከሆነ” የሚለው ዘንድ ሲደርስ ወቅቱ ካልተነገረው ባዶ ነው ብሎ ያልፋል እንጂ ወደ ታች ወርዶ አይፈልግም ብሎኛል። “እሺ የኔ ጌታ” አልኩት፤ በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ።

ፋይሉን ስከፍት እመጀመሪያው ላይ “ይህን ደንብ ያወጡት የውሃ አባታችን ሼህ ኡበይደላ ናቸው” ይላል። ውሃውን ለአርባ ዓመት ያካፈሉን እሳቸው ናቸው። ከስማቸው ሥር ደንቡ አለ፤ ወቅቱ በጋ ከሆነ ሁለቱ ቦዮች ቀን በቀን ይፈራረቁ፣ ካልሆነ ሁለቱም በአንድ ላይ ይከፈቱ ይላል። እኔ በቃለ ጉባኤ ከሳቸው ስም በላይ አንድ ቃል አስፍሬ አላውቅም። እሳቸው እመደቡ ተቀምጠው እኔ ከበላያቸው የምቀመጥ መሰለኝ። መስመሬን እግርጌ ጻፍኩና ተጫንኩት። ማሽኑ ቀይ ቢያበራ እደውልለት ነበር። አረንጓዴ አብርቶ “ተሳክቷል” አለኝ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ማክሰኞ ጠዋት 1፡30 ላይ ጩኸት ሰምቼ ወደ ቦዩ ሮጥኩ። የላይኛው ጠባቂ ማሩና የታችኛው ጠባቂ ዘውዱ ስልካቸውን ይዘው ተፋጠዋል። ሁለቱም ስልክ “ክፈቱ” ይላል። “የኔ ነው ተራው፣ አይንህን ግለጥና አንብብ!” ይላል ማሩ። “ስልክህ እንዳንተው ቀጣፊ ነው!” ይላል ዘውዱ። እኔ ልገላግል ስል ዘውዱ በያዘው አካፋ የማሩን ክንድ መታው። አጥንቱ ሲሰበር ሰምቻለሁ። ማሩን በባጃጅ ጭነው ለሕክምና ወደ ወልድያ ወሰዱት።

ያኔ የልጁ ቃል ትዝ አለኝ። ወደ ቢሮ ሄጄ በሩን ዘጋሁና መስመሬን ከግርጌ አንስቼ እላይ፣ ከሼሁ ስም በፊት አደረግሁት። ይህን ያደረግሁት ጥፋቴ እንዳይታይ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ፖሊስ መጣ። አብዱልሐሊምም ከወልድያ ተመልሶ ነበር። “እትዬ የጻፉት የቱ ጋ እንደሆነ ይታይ” አለ። ፋይሉ ሲከፈት መስመሩ በቦታው ተገኘ። ዞር ብሎ አየኝና “እትዬ፣ እዚህ ላይ ነው የጻፉት?” አለኝ። በፖሊስና በሰው ሁሉ ፊት “አዎ፣ እንዳልከኝ” አልኩ። አንገቱን ደፋ። ሰዉም ልጁ ወልድያ ሆኖ ሌላ ፕሮግራም ልኮ ነው፣ የታችኛው ቦይ ሰዎች በገንዘብ ገዝተውት ነው አለ። ፖሊሶቹ እጁን ሲይዙት እኔ ቆሜ አየሁ።

ይኸው ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። እናቱ ነኢማ ስንቅ ስታመላልስ በደጄ ታልፋለች። ትናንት ከሰዓት ገባችና “ነሲባዬ፣ አንቺ ፊደል የቆጠርሽ ነሽ፤ ፖሊሶቹን ምን ብዬ ልለምናቸው?” አለችኝ። ያረቢ፣ ምን ልበላት? ማመልከቻ ጻፍኩላት። ልጄ ንጹህ ነው ብዬ በእጄ ጻፍኩላት፣ እኔው። አመስግናኝ ትከሻዬን ስማኝ ሄደች።

ልጁ ሥራውን በትክክል ቢሠራ ኖሮ ማሩ ዛሬ እጁ ደህና ነበር የሚለውን የሰው ወሬ ውሸት ነው እላለሁ። እሱ የነገረኝ ልክ ነበር፤ ያልሰማሁት እኔ ነኝ፣ የደበቅሁትም እኔ ነኝ።

ቃሌ ተነቦልኛል፤ ያልኩት ሳይጨመርና ሳይቀነስ ተጽፏል። ሐሰት ቢገኝበት እንደምጠየቅ አውቄ፣ አላህም ያውቃል ብዬ ፈርሜያለሁ።

ከመፈረሜ በፊት ይህ እንዲጻፍልኝ ጠይቄያለሁ፦ ነኢማ አሁን ስንቅ ይዛ እጣቢያው በር ላይ ተቀምጣለች። ስገባ አይታኝ፣ ስለ ልጇ ላማልድ የመጣሁ መስሏት መርቃኛለች። ማንም ቀድሞ እንዳይነግራት። ወጥቼ ራሴ እነግራታለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ነሲባ ይማም
የመርማሪ ፊርማ፦ ሳጅን ሞገስ አያሌው