እኔው የሞላሁት ጠርሙስ

ልጆቹ የደርግ ጊዜ የመንገድ ወሬ አጫውቺን ስላሉኝ፣ ከጅማ ወደ ሰርቦ በላንድሮቨር ስሄድ የሰማሁትን ልንገራቸው። ከፊቴ አንድ ጎልማሳና አንዲት የማያውቃት ሴት ተቀምጠዋል።

«ከሐኪም ቤት ነው የተሳፈርከው፤ ማንን አስታመህ?»

«አባቴን፣ አዴ። የሐሞታቸውን ቧንቧ ከፍተው ጠጠር አወጡላቸው፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ዕድሜያቸውስ?»

«ሰባ አልፏቸዋል። ዓይናቸው እንደ እርድ ቢጫ ነበር፤ አሁን ነጣ ብሏል።»

«ሽንታቸውስ?»

ሰውየው ሳቀ። «ነርሷ ጠርሙሱን እያየች ‹ሽንትዎ አነሰ፣ ውሃ ይጠጡ› ትላለች። እሳቸው ደግሞ ‹በሸናሁ ቁጥር ለሶላት የታጠብኩት ውዱእ ይፈርሳል› ብለው ውሃ አይቀምሱም። ስትነዘንዛቸው ጊዜ እኔው ሞላሁላት!»

መኪናው በሙሉ ሳቀ። ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም።

«ከራስህ ሽንት?»

«ታዲያ ከጎረቤት ልበደር?»

«ስማኝ። ሽማግሌ ሰው፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ኦፕራሲዮን ከሆነ በኋላ ሽንቱ ካነሰ፣ ኩላሊቱ ሊደክም ነው። ነርሷ ጠርሙሱን የምታየው እሱን ቀድማ ለማወቅ ነው። አሁን ደህና ናቸው ብላ ትተዋቸዋለች።»

«ያ ረቢ! ምን ላድርግ?»

«ተመለስ። ዋሽቼሻለሁ በላት።»

«በሰው ፊት ታዋርደኛለች እኮ፣ አዴ!»

«ታዋርድህ።»

«ሾፌር፣ ወራጅ አለ!»

ሐኪም ትመስለኝ የነበረችው ያቺ ሴት፣ ባሏ በዚያው ሕመም ኦፕራሲዮን ሆኖ ሽንቱ ሲያንስ እያየች ለማንም ሳትናገር ቀርታ ባሏን አፈር እንዳለበሰችው ከዓመታት በኋላ ለቅሶ ቤት ሰማሁ።