የስምንተኛ ክፍል ንቦች

ቦታው የዋንዛ ምንጭ ትምህርት ቤት የርዕሰ መምህሩ ቢሮ ነው፤ ጊዜው የግንቦት ከሰዓት በኋላ፤ መስኮቱ በሙቀቱ መሃል ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል፤ ከመስታወቱ ወዲያ ንብ ያንጎራጉራል፤ ወጣቱ ርዕሰ መምህር አንሙት ግራ ዓይኑ አብጦ፣ የወላጅ ኮሚቴው ሊቀ መንበርና የትምህርት ቤቱ ንብ አርቢ አያ ደርሶ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።

አንሙት፦ ማህተሙን ያውጡት አያ ደርሶ። የኮሚቴው አባላት በሙሉ ‘ንቦቹ ከግቢው ይውጡ’ ብለው ፈርመዋል። የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።

አያ ደርሶ፦ ማህተሙ ከጋቢዬ ጫፍ ተቋጥሯል። ቋጠሮው ደግሞ ጠበቀብኝ።

አንሙት፦ ልፍታልዎት?

አያ ደርሶ፦ አንተ መፍታቱን ተወው። ሰኞ የፈታኸው ገና አልተቋጠረም።

አንሙት፦ ሰኞን እንተዋት ብለን ተስማምተን ነበር።

አያ ደርሶ፦ እኔማ ተስማምቻለሁ። ዓይንህ ነው ያልተስማማው። በመስታወት አይተኸዋል?

አንሙት፦ በአንዱ ዓይኔ አይቼዋለሁ።

አያ ደርሶ፦ ገበያ ላይ ሰው ይጠይቀኛል፤ ምን ልበለው? ‘በጠራራ ፀሐይ፣ ንቡ ሁሉ መስክ በወጣበት ሰዓት፣ ቀፎውን ከስምንተኛ ክፍል ጀርባ አንስቶ ቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ የወሰደ የተማረ ሰው አለን’ ልበለው?

አንሙት፦ ያው ግቢ ነው ብዬ ነዋ! ቀፎውም ያው ቀፎ ነው።

አያ ደርሶ፦ ንብ ቤቱን የሚያውቀው በቦታው ነው እንጂ በቀፎው መቼ ሆነና። ውሎ ሲመለስ ቤቱ የለም። አንተ ከሥራ ስትመለስ ቤትህን ብታጣው ምን ታደርጋለህ?

አንሙት፦ ለቀበሌ አመለክታለሁ።

አያ ደርሶ፦ ንቡም አመለከተ። ስምንተኛ ክፍል ገባ።

አንሙት፦ በማግስቱ ቀፎዎቹን መልሻቸዋለሁ እኮ።

አያ ደርሶ፦ ቀፎውን መለስክ። ቂሙን ማን ይመልሰው?

አንሙት፦ እኔስ የምለው ይህንኑ አይደል? ከግቢው ይውጡ ነው የምለው። መምህር ጥላዬ ከንፈሩ አብጦ ከተማ ገብቷል። ‘ንቦቹ ዛሬ ከወጡ ነገ ጠዋት ክፍሌ እገኛለሁ፤ ካልወጡ ሻንጣዬን በመኪና ጫኑልኝ’ ብሎ ደወለ። ሚኒስትሪ ፈተና ሁለት ሳምንት ቀረው። ልጆቹ ያለ ሒሳብ መምህር ሊፈተኑ ነው።

አያ ደርሶ፦ ቆይ፣ የጥላዬን ደመወዝ የሚከፍለው ማነው?

አንሙት፦ ወላጅ ኮሚቴው ነው። መንግሥት የሒሳብ መምህር ካልላከልን ሦስት ዓመት ሆነው።

አያ ደርሶ፦ ኮሚቴው ከየት አምጥቶ ነው የሚከፍለው?

አንሙት፦ ከማሩ ሽያጭ።

አያ ደርሶ፦ እኮ! አሠሪው ንቡ ነው። አሠሪ አንድ ቀን ተቆጣ ተብሎ ሻንጣዬን ጫኑልኝ ይባላል?

አንሙት፦ እርስዎ ይቀልዳሉ፤ እኔ ራሴን ይዞርብኛል። ንቡ ከሌለ ጥላዬን የምንከፍልበት የለም፤ ንቡ ካለ ጥላዬ የለም። ይህንን ለወረዳ እንዴት አድርጌ ሪፖርት ላድርገው?

አያ ደርሶ፦ እንዳምናው አድርገዋ። አምና ‘በውስጥ ገቢ ከወረዳው አንደኛ፣ በተማሪ ውጤት ከወረዳው መጨረሻ’ ተብለን ስብሰባ ተጠራን። በቀኝ እጄ የምስክር ወረቀት ተቀበልኩ፤ በግራ እጄ ማስጠንቀቂያ ተቀበልኩ። አዳራሹ ለሁለቱም አጨበጨበልኝ።

አንሙት፦ ለማስጠንቀቂያው አልተጨበጨበም።

አያ ደርሶ፦ ከኋላ ያሉት አጨብጭበዋል። ተኝተው ነበር፤ ሲነቁ አጨበጨቡ።

አንሙት፦ ድጎማው በጊዜው ቢመጣ እኮ ንብ ውስጥም ባልገባን። ለጠመኔ የተመደበው ሰኔ ላይ ይደርሳል፤ ክፍል ተቆልፎ።

አያ ደርሶ፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

አንሙት፦ ዘንድሮስ የሚያጨበጭብ የለም አያ ደርሶ። አሁንም መጨረሻ ከሆንን ሰባተኛንና ስምንተኛን ዘግተው ከወንዙ ማዶ ካለው ትምህርት ቤት ሊቀላቅሉን ነው። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ማነው የሚሻገር?

አያ ደርሶ፦ ማንም።

አንሙት፦ ማንም ሲሉ ደስ ያለዎት መሰለኝ።

አያ ደርሶ፦ ጥርሴን አሞኝ ነው።

አንሙት፦ እሺ፣ መፍትሔ እናምጣ። ቤተ ክርስቲያኑ ደን ይግቡ።

አያ ደርሶ፦ ቅርብ ነው። ነገ ረፋድ ላይ ተመልሰው ስምንተኛ ክፍል ታገኛቸዋለህ፤ ያውም ተሳልመው።

አንሙት፦ ጤና ኬላው ጓሮ?

አያ ደርሶ፦ ነርሷ ‘አንድ ንብ ካየሁ መርፌዬን ሰብስቤ እሄዳለሁ’ ብላለች። በጥላዬ ላይ እሷን ልንጨምር ነው?

አንሙት፦ ቀበሌው ግቢ?

አያ ደርሶ፦ እዚያ የሚናደፍ ሞልቷል። ንቦቼ ይጎዱብኛል።

አንሙት፦ እንሽጣቸዋ!

አያ ደርሶ፦ የተቆጣ ንብ በግንቦት ማን ይገዛል? ሊቀ መንበር ሆኜ የትምህርት ቤት ንብረት በርካሽ ሸጠ ልባል? አባቴ መሬት ሸጦ አያውቅም፤ እኔ ንብ አልሸጥም።

አንሙት፦ እንግዲያው ተማሪዎቹን ከዋርካው ሥር እናስተምራቸው።

አያ ደርሶ፦ ጥላዬ ዋርካውን ካላጨሳችሁ አልገባም ይላል። አሁን እሱ ዝንብም ቢያይ ይሮጣል።

አንሙት፦ አንድ ቦታ ቀርቷል።

አያ ደርሶ፦ የለም፤ አልቋል።

አንሙት፦ የእርስዎ ቤት። ከጉብታው ጀርባ ነው፤ ከአንድ ሰዓት መንገድ በላይ ይርቃል፤ ምንጭ አለው፤ ግራር አለው። ለንብ ከዚያ የተሻለ ቦታ አገሩ ላይ የለም።

አያ ደርሶ፦ ጓሮዬ ጠባብ ነው።

አንሙት፦ አምና ጓሮዎ ውስጥ ጥንድ በሬ ጠምደው ሲያርሱ አይቻለሁ።

አያ ደርሶ፦ በሬዎቹ ቀጫጭን ናቸው።

አንሙት፦ አያ ደርሶ!

አያ ደርሶ፦ ውሻዬም ንብ አይወድም።

አንሙት፦ ውሻ የለዎትም።

አያ ደርሶ፦ ልገዛ አስቤ ነበር።

አንሙት፦ እኔ የማውቃቸው አያ ደርሶ የኮበለለ ንብ ተከትለው ሁለት ቀበሌ አቋርጠው የሚመልሱ ሰው ናቸው። እነዚያን ቀፎዎች የሠሯቸው እርስዎ፤ አጭሰው ማሩን የሚቆርጡት እርስዎ። ዛሬ ‘ቤትዎ ይውሰዷቸው’ ሲባሉ ያልተገዛ ውሻ ያመጡብኛል። የኮሚቴው አባላት ምን ይበሉ?

አያ ደርሶ፦ የሚሉትን ይበሉ። የሰው አፍ ክዳን የለው።

አንሙት፦ ለመሆኑ አትጠገብ ሰኞ ያደረገችውን ነግራዎታለች?

አያ ደርሶ፦ ልጄ ማታ ማታ እራት ታቀርባለች፤ ደብተሯን ትገልጣለች። ምን አደረገች?

አንሙት፦ ጥላዬ ሰሌዳው ላይ ‘ኤክስን ፈልጉ’ ብሎ ጥያቄ ጽፎ እየሠራ ነበር። ንቡ በመስኮት ሲገባ እሱ በመስኮት ወጣ።

አያ ደርሶ፦ በበር አይሻልም ነበር?

አንሙት፦ በበሩ ተማሪው ይወጣ ነበር። እኔ ጩኸት ሰምቼ ስገባ ዓይኔን አገኘኝ።

አያ ደርሶ፦ ሮጠህ ገብተህ ነዋ።

አንሙት፦ ሮጬ ነው። እያለቀስኩ በቀረችኝ ዓይን ሳይ፣ አንድ ሰው ሰሌዳው ፊት ቆሟል። መንጋው ሰሌዳው ጥግ ላይ እንደ ጥቁር ሻሽ ተንጠልጥሏል። አትጠገብ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ጥላዬ ጀምሮት የሸሸውን ሒሳብ ከመንጋው ሥር ትጨርሳለች። ጠመኔውን ቀስ አድርጋ ነው የምትስበው። እኔ እንኳ ዓይኔን ረስቼው ቆምኩ፤ ሕልም ነው የመሰለኝ። ንቡ አልነካትም።

አያ ደርሶ፦ …መልሱስ? ልክ ነበር?

አንሙት፦ ጥላዬን ደውዬ ጠየቅሁት። ልክ ነው አለኝ። ከንፈሩ አብጦ ‘ልክ’ ለማለት ብዙ ጊዜ ፈጀበት እንጂ።

አያ ደርሶ፦ ንብ ፊት መወራጨት አያስፈልግም። ነፍሷን ይማረውና እናቷም እንዲያ ነበረች። የልጄም እጅ ቀስ ያለ ነው።

አንሙት፦ ጥላዬ ምን አለ መሰለዎት? ‘እሷን እነዚህን ሁለት ሳምንት ካስጠናኋት ለአዳሪ ትምህርት ቤት ታልፋለች’ አለ። ከዚህ ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ አንድም ልጅ አልፎ አያውቅም። ምግቡም መኝታውም በነጻ ነው።

አያ ደርሶ፦ አዳሪው የት ነው ያለው?

አንሙት፦ ዞኑ ከተማ ነዋ። በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

አያ ደርሶ፦ በእግርስ?

አንሙት፦ በእግር የሄደ ሰው አላውቅም።

አያ ደርሶ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ይለቋቸዋል?

አንሙት፦ ለገናና ለፋሲካ ይለቋቸዋል።

አያ ደርሶ፦ ለገናና ለፋሲካ።

አንሙት፦ ክረምቱንም ሙሉ።

አያ ደርሶ፦ ጥምቀትስ?

አንሙት፦ ጥምቀትን አልጠየቅሁም። …አያ ደርሶ፣ ጓሮው ጠባብ አይደለም አይደል?

አያ ደርሶ፦ አይደለም።

አንሙት፦ ውሻም አይገዙም።

አያ ደርሶ፦ ውሻ ለምኔ ነው። ፈተናውን ካለፈች ትሄድብኛለች ብዬ ነው። ሰኞ ብትጠይቀኝ ኖሮ የምነግርህን አሁን ልንገርህ፤ ስማኝ። ቀፎ ስታዛውር፣ ወይ አንድ ክንድ ታስጠጋዋለህ፣ ወይ ከአንድ ሰዓት መንገድ በላይ ታርቀዋለህ። አንድ ክንድ ከሆነ ቤቱን አያጣውም። መሃል ቤት ከሆነ እንዳንተ ዓይን ይሆናል። ካራቅኸው ግን አዲሱን አገር ይለምደዋል። የድሮውን ደጅ አይፈልገውም። ተመልሶ አይመጣም።

አንሙት፦ አትጠገብ እኮ ንብ አይደለችም።

አያ ደርሶ፦ ወንድሞቿስ ንብ ነበሩ? ለሰሊጥ አጨዳ ብለው መተማ ወረዱ። ስንቱ መስቀል አለፈ! ችቦውን ብቻዬን ነው የማስረው።

አንሙት፦ ሲሄዱ መርቀው ሸኝተዋቸው ነበር?

አያ ደርሶ፦ ምን ሽኝት አለ። ተጣልተን፣ ሳልነቃ ነው የወጡት።

አንሙት፦ እንግዲህ ይኸው። ተጣልቶ የወጣ የሚመለስበት ፊት ያጣል። መርቀው የሸኙት ግን ደጁን አይረሳም።

አያ ደርሶ፦ ከመጽሐፍ ነው ያገኘኸው?

አንሙት፦ አሁን ነው የመጣልኝ።

አያ ደርሶ፦ ግማሽ ዓይን ላለው ሰው ደህና ነው። …መስኮቱን ክፈተው እስቲ። ፀሐይዋ የት እንደደረሰች ልይ።

አንሙት፦ ንቡስ?

አያ ደርሶ፦ አትወራጭ። ቀስ አድርገህ ክፈት። እንዲያ። እየው፣ አሁን ማን ነካህ?

አንሙት፦ ማንም አልነካኝም። …አንዷ ጆሮዬ ላይ አርፋለች።

አያ ደርሶ፦ ትረፍ። ሰኞ ያጠፋኸውን እያየችው ነው። ፀሐይዋ ገና ናት። ጠልቃ፣ ንቡ ሁሉ ሲገባ የቀፎውን አፍ በሣር እንደፍነዋለን። ጠንካራ ጠንካራ ሰው ፈልግልኝ፤ በወሳንሳ ነው የሚሸከሙት፤ ጉብታው ላይ እንዳያንገጫግጩት። ለጥላዬም ደውልለት፤ ነገ ይምጣ፤ ከንፈሩ ባይድንም በእጁ ይጻፍ።

አንሙት፦ እግዜር ይስጥልኝ አያ ደርሶ! ማሩስ እንዴት ይሁን?

አያ ደርሶ፦ እንዴት ይሆናል? ማሩም ሰሙም የትምህርት ቤቱ ነው። በቆረጣ ጊዜ ኮሚቴው ቆሞ ያያል። እኔ ጣቴንም አልልስ።

አንሙት፦ ለጥበቃዎ ምን ይከፈል ብዬ በቃለ ጉባኤው ልጻፍ?

አያ ደርሶ፦ ምንም።

አንሙት፦ ምንም ተብሎማ አይጻፍም። የወረዳው ኦዲተር ሲመጣ ‘የመንግሥት ንብረት ቤቱ ወስዶ በነጻ የሚጠብቅ ሰው አንድ የፈለገው ነገር አለ፤ ምክንያቱ ይገለጽ’ ይላል።

አያ ደርሶ፦ ኦዲተሩ እውነቱን ነው።

አንሙት፦ ታዲያ ምክንያቱን ምን ልበል?

አያ ደርሶ፦ እንካ ማህተሙን፤ ቋጠሮው ተፈታ። ጻፍ፦ ሊቀ መንበሩ ንቦቹን በነጻ የተቀበለው፣ ከመስከረም ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ሌላ ድምፅ ስለማይኖር ነው።